የተመረጡ ፋይሎችን ከማኅደር ወደ ማኅደር ስለ መቅዳት፦ አንድ የሼል ስክሪፕት ለስደተኛው ምሁር የጽሑፍ ቅርስ

ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ከጻፉት ውስጥ የሚበዛው በወረቀት ላይ ሳይሆን በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። የታተመው በመጽሐፍና በመጽሔት መልክ በየቤተ መጻሕፍቱ አለ። ያልታተመው ግን፣ ይኸውም ረቂቁ፣ የቃለ መጠይቁ ጽሑፍ፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ ለወዳጅ የተላከው ረዥም ደብዳቤ፣ ያለው ዕድሜ እየተጫናቸው በሄዱ ዲስኮች ላይ ብቻ ነው። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ የትኛው ፋይል ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ሲያርፍ ግን ልጆቹ፣ በተለይም አማርኛ የማያነቡ ከሆኑ፣ ከግብር ደረሰኝና ከቤተሰብ ፎቶግራፍ መካከል የአባታቸውን ወይም የእናታቸውን ሥራ ለይተው ማውጣት ይሳናቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የመለየት ሥራ ባለቤቱ ራሱ እንዴት በጽሑፍ ሊያከናውነው እንደሚችል ማስረዳት ነው። መሣሪያውም የሼል ስክሪፕት የሚባለው አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው።

ስለ ቃላቱ አስቀድሜ ጥቂት ልበል። ፋይሎች በየዓይነታቸው የሚቀመጡበትን ክፍል የሙያው ሰዎች ዲሬክቶሪ ወይም ፎልደር ይሉታል። እኔ ማኅደር እለዋለሁ፤ አባቶቻችን የብራና መጽሐፍ የሚያድርበትን የቆዳ ከረጢት በዚሁ ስም ስለሚጠሩት ሌላ ቃል ፍለጋ መድከም አላስፈለገኝም። ሼል የሚለውን ግን «ቅርፊት» ብሎ መተርጐም ለአንባቢ የሚጨምርለት ዕውቀት ስለሌለ እንዳለ ትቼዋለሁ። ሼል ማለት ተጠቃሚው በፊደል የሚጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ በማሽኑ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹ አንድ በአንድ ከመጻፍ ይልቅ በአንድ ፋይል ውስጥ በተራ ሲሰፍሩ ያ ፋይል ስክሪፕት ይባላል። ሥርዓቱ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ከጀመሩት ከዩኒክስ ነው። እስከ ዛሬ የምንከተለውን የስክሪፕት ሰዋስው ያበጀው ስቲቨን ቦርን ሲሆን፣ የእርሱ ሼል እ.ኤ.አ. በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ወጣ። በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚገኘው ባሽ ደግሞ መጀመሪያ በብራያን ፎክስ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕዝብ ቀረበ። አፕል ከ2019 ጀምሮ ሌላ ሼል የማክ መደበኛ አድርጎ ቢመርጥም ባሽን አላስወጣም፤ ዊንዶውስም ከ2016 ወዲህ ሊኑክስን በውስጡ ማስተናገድ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ከሦስቱም ዓይነት ማሽን ጋር ለሚኖር አንባቢ ይሠራል። የትእዛዞቹን ስሞች በድምፃቸው በእኛው ፊደል ጽፌአቸዋለሁ። ማሽኑ ግን በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ሆሄ፣ ይፈልጋቸዋል።

አንድ ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ፋይልን በመዳፊት ይዞ ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው መጐተት እያለ ይህ ሁሉ ለምን? መልሱ ከፍጥነት ጋር አይገናኝም። በመዳፊት የተሠራ ምርጫ ሥራው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ምን እንደ ተመረጠ ይታያል፣ በምን መሥፈርት እንደ ተመረጠና ምን እንደ ቀረ ግን አይታወቅም። ስክሪፕት ምርጫውን ከነመሥፈርቱ በጽሑፍ ያስቀምጣል። ሌላ ሰው አንብቦ ሊቃወመው፣ ሊያርመውና በሌላ ዲስክ ላይ ሊደግመው ይችላል። ለምሁር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና በምሕፃሩ ኢኤምኤምኤል የሚባለው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ለእያንዳንዱ ለተነሣ ብራና የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በካታሎጉ ዝግጅት ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ሚኒሶታ ላይ ሆነው መጻሕፍቱን ሊገልጹ የቻሉት ፊልሙ ብቻ ስለ ደረሳቸው አይደለም፤ ከፊልሙ ጋር ቁጥሩና መዝገቡ ስለ ተያያዘ ጭምር እንጂ። መዝገብ የሌለው ግልባጭ ለተመራማሪ እኩሌታ ግልባጭ ነው።

እንግዲህ ከሥራው ሁሉ ከባዱ መምረጥ ነው፤ መቅዳቱን ማሽኑ ያውቅበታል። ለምሳሌ ያህል «ጥናቶች» የሚባል ማኅደር በአሮጌ ዲስክ ላይ አለን፣ በውስጡም ሌሎች ብዙ ማኅደሮች አሉ እንበል። ከዚያ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፎቹን ብቻ «ቅርስ» ወደሚባል ማኅደር፣ በአዲስ ዲስክ ላይ፣ ልንቀዳ እንፈልጋለን። የሼል ሰዎች የኮከብ ምልክትን (*) «ማንኛውም ፊደል፣ ስንትም ቢሆን» ለማለት ስለሚጠቀሙበት፣ ጀማሪው ኮከብ፣ ነጥብና ዶክ ብሎ የሚጽፍ ከሆነ በዚያ ማኅደር ያሉት የዎርድ ፋይሎች ሁሉ ይመረጣሉ። ይህ አብነት ግን ሦስት ጉድለት አለበት። በውስጥ ወዳሉት ማኅደሮች አይወርድም። ከዶስ ዘመን የመጡትን፣ ቅጥያቸው በትልልቁ የላቲን ሆሄ የተጻፈውን፣ በሊኑክስ ላይ አያያቸውም። ሦስተኛውና ዋናው ጉድለት ግን የእኛ የራሳችን ነው፤ እርሱም ፊደላችንና የፊደላችን ታሪክ ያመጣው ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙዎችም ዘንድ ከዚያ በኋላ ለረዥም ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው ለላቲን ፊደል በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የግዕዝን ቅርጽ በሚያለብሱ ፎንቶች ነበር። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ለብዙ አንባብያን የሚታወቁ ናቸው። እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን አመዳደብ ስለ ተከተለ በአንደኛው የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጥናት ፋይል ቢከፈት፣ ፎንቱ ከሌለ፣ የሚታየው ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ፋይሎችን በውስጣቸው ባለ የአማርኛ ቃል ፈልጎ መምረጥ በእነዚህ ላይ አይቻልም፤ «ግሬፕ» የሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ «ዓድዋ» የሚለውን ቃል ቢፈልግ ቃሉ በዩኒኮድ አልተጻፈምና አያገኘውም። ሁለተኛ፣ ጽሑፉን ያለ ፎንቱ የሚቀዳ ሰው የተዘጋ ሣጥን ያለ ቁልፉ ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ የምርጫው ዝርዝር ዶክ፣ አርቲኤፍ፣ ቲኤክስቲ ከሚባሉት ቅጥያዎች ጋር ቲቲኤፍ የሚለውን፣ ማለትም የፎንት ፋይሎችን፣ የግድ ማካተት አለበት። ይህ አንድ ቅጥያ መጨመር ከጠቅላላው ስክሪፕት ዋጋ ያለው መስመር ይመስለኛል።

የስሙ ጕዳይም አለ። በዶስና በመጀመሪያዎቹ ዊንዶውስ ዘመን የፋይል ስም ከስምንት ሆሄና ከሦስት ሆሄ ቅጥያ አይበልጥም ነበር፤ በግዕዝ ፊደልም አይጻፍም። ባለቤቱ ስምንት የላቲን ሆሄ ውስጥ ያጨቀውን አርእስት ከእርሱ በቀር የሚፈታው የለም። ለእነዚህ ፋይሎች መምረጫው ቀኑ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ከዩኒኮድ ወዲህ ያሉት ግን በግዕዝ ፊደል ሊሰየሙ ስለ ቻሉ በስማቸው መምረጥ ይቻላል። ችግሩ የስሙ አጻጻፍ ከሰው ሰው፣ ከዚያም አልፎ በአንድ ሰው እጅ እንኳ ከቀን ቀን መለያየቱ ነው። «ጽሑፍ» የሚለውን ቃል «ጽሁፍ»፣ «ፅሑፍ»፣ «ፅሁፍ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ለአንባቢ አራቱም አንድ ቃል ናቸው። ለማሽኑ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሼል ለዚህ መድኃኒት አለው፤ በባለማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተደረደሩ ፊደላት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነውና የሚከተለውን አብነት ልንጽፍ እንችላለን፦

*[ጽፅ][ሑሁ]ፍ*

ይህ አራቱንም አጻጻፎች፣ በፊትም በኋላም ምን ቢኖር፣ ይይዛል። እንደዚሁም *[ሀሃሐአ]ገር* ብንል ሀገርን፣ ሃገርን፣ ሐገርንና አገርን እናገኛለን፤ *[ሥስ]ላሴ* የሚለው ደግሞ በንጉሡ ላይ የተጻፈውንም በቤተ ክርስቲያኑ ላይ የተጻፈውንም ያመጣልናል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ፣ አይቀነሱ የሚለው አሮጌ ክርክር እዚህ ላይ ሲነሣ ይሰማኛል። በበኩሌ ሁሉም በቦታው ይቈይ ከሚሉት ወገን ነኝ። የፋይል አብነት የሚጽፍ ሰው ግን ስለ ትክክለኛው አጻጻፍ ከመከራከር ይልቅ ሰዎች በርግጥ የጻፉትን ሁሉ በቅንፍ ውስጥ መደርደር ይጠቅመዋል።

አብነቱ እንዲሠራ ግን ሼሉ በዩኒኮድ ዓይን ማየት አለበት። አንድ የግዕዝ ሆሄ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይፈጃል። የማሽኑ የቋንቋ ቅንብር «ሲ» በሚባለው ጥንታዊ ቅንብር ላይ ከሆነ ሼሉ ሆሄውን እንደ አንድ ፊደል ሳይሆን እንደ ሦስት ባይት ይቆጥረዋል። በቅንፍ ውስጥ ያሉትም ፊደላት ተፈረካክሰው ይነበባሉ፤ ምርጫውም ይዛባል፣ አንዳንዱን ይጥላል፣ አንዳንዱን ያላዘዝነውን ያነሣል። ይህ ስሕተት መልእክት አይሰጥም። ስለሆነም በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ «ኤልሲ-ኦል» የሚባለውን ቅንብር ዩቲኤፍ-8 በሆነ ቋንቋ ላይ ማስተካከል ይገባል። በአንጻሩ ግን አንድ መልካም ዕድል አለን። በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ምልክት ያለበት ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ በሁለት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል ለዓይን አንድ የሆኑ ሁለት ስሞች ለማሽኑ የተለያዩ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ የእኛ ሆሄያት እያንዳንዳቸው አንድ ራሳቸውን የቻሉ ቁጥር ስለሆኑ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው።

አሁን ወደ ቀኑ። እያንዳንዱ ፋይል መጨረሻ የተለወጠበትን ቀን ይዞ ይኖራል። «ፋይንድ» የሚባለው ትእዛዝ በማኅደሩ ውስጥ እስከ ታችኛው እርከን ወርዶ ፋይሎችን በስም፣ በዓይነት፣ በመጠንና በቀን ለይቶ ያወጣል። ከአማራጮቹ አንዱ «ኒወር-ኤም-ቲ» ተብሎ ሰረዙ ሳይገባበት አንድ ላይ የሚጻፈው ነው፤ ትርጕሙም «ከዚህ ቀን ወዲህ የተለወጠ» ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቈጣጠር ብቻ ስለሆነ በእኛ ዓመት የሚያስብ ሰው መለወጥ አለበት። በ1986 ዓ.ም. የተጻፉትን ለመምረጥ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1993 ወዲህ፣ ከመስከረም 11 ቀን 1994 በፊት ማለት ያስፈልጋል። ጳጕሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን፣ ለምሳሌ 1988 ዓ.ም. ሲገባ፣ ዕንቍጣጣሽ የዋለው በፈረንጅ መስከረም 12 ቀን 1995 ነው። ዓመቱን በሰባት ወይም በስምንት መጨመር ብቻ የለመደ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ሊያመልጠው ይችላል። ከዚህም ሌላ «ፋት» በሚባለው አሠራር የተዘጋጁ አሮጌ ዲስኮችና ፍሎፒዎች ሰዓቱን የሚመዘግቡት በአካባቢው ሰዓት እንጂ ከነሰዓት ቀጠናው አይደለም። አዲስ አበባ የተጻፈ ፋይል ዋሽንግተን ሲነበብ ቀኑ ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን አንድ ቀን ማስፋት ብልህነት ነው፤ ትርፍ ፋይል መቅዳት ማንንም አይጐዳም።

መሥፈርቶቹ ሲቀላቀሉ አንድ የሎጂክ ወጥመድ አለ፤ በዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ያስተማሩ ባልደረቦቼ ይወዱታል። ለፋይንድ «ዶክ ወይም አርቲኤፍ፣ እና ከ1993 ወዲህ» ብንለው «እና» ከ«ወይም» ይልቅ አጥብቆ ስለሚያስር፣ የቀኑ ገደብ የሚሠራው በመጨረሻው በአርቲኤፍ ላይ ብቻ ይሆናል። የዶክ ፋይሎች በቀን ሳይገደቡ ሁሉም ይገባሉ። መፍትሔው «ወይም» የሚያያይዛቸውን በቅንፍ ማሰር ነው። ሼሉ ቅንፉን ለራሱ ጕዳይ እንዳይወስደው ከእያንዳንዱ ቅንፍ በፊት ወደ ኋላ ያዘነበለው እዝባር ( \ ) ይጻፋል። የፎንት ፋይሎች ደግሞ ቀናቸው ፎንቱ የተሠራበት እንጂ ጥናቱ የተጻፈበት ስላልሆነ የቀኑ ገደብ ከሚነካቸው ቅንፍ ውጭ፣ በሌላ «ወይም» ይታሰራሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ተጠቃልለው እንደገና በአንድ ትልቅ ቅንፍ ይገባሉ። የላቲኑ ትልቅና ትንሽ ሆሄ ልዩነት እንዳያሰናክልም «ኔም» በሚለው ፈንታ «አይኔም» የሚለውን አማራጭ እንጠቀማለን።

ከዚህ በኋላ ስክሪፕቱን መጻፍ አጭር ሥራ ነው። የመጀመሪያው መስመር በ«#!» ምልክት ጀምሮ የባሽን አድራሻ ይናገራል። ሁለተኛው «ሴት»፣ ባዶ ቦታ፣ ጭረትና ዩ ነው፤ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ ከተጠራ ሥራው እንዲቆም ያዛል። ይህ የማይናቅ ጥበቃ ነው፤ የመድረሻው ስም በሆሄ ግድፈት ባዶ ቢቀር ሼሉ የዲስኩን ሥር ራሱን እንደ መድረሻ ሊወስድ ይችላልና። ቀጥሎ የምንጩና የመድረሻው አድራሻ ለሁለት ተለዋዋጮች ይሰጣል። የተለዋዋጮቹን ስም ባሽ ከላቲን ሆሄ፣ ከቁጥርና ከስር ሰረዝ ውጭ አይቀበልም፤ በውስጣቸው የሚቀመጠው አድራሻ ግን «ጥናቶች» እና «ቅርስ» ሊሆን ይችላል። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ መኖር የለበትም። የመድረሻው አድራሻ ከዲስኩ ሥር ጀምሮ ሙሉ ሆኖ ይጻፍ፤ መድረሻውም ከምንጩ ውስጥ አይሁን፤ ከሆነ ፋይንድ የተቀዱትን ግልባጮች እንደ አዲስ ፋይል አግኝቶ መልሶ ያቀርባቸዋል። ከዚያ ስክሪፕቱ «ሲዲ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ምንጩ ይገባል፤ መግባት ካልቻለ ወዲያው እንዲቆም መታዘዝ አለበት። አለዚያ ምርጫው በሌላ ማኅደር ላይ ይካሄዳል።

የሥራው ማዕከል አንድ ዑደት ነው። ፋይንድ የመረጣቸውን ስሞች ያወጣል፣ ቀጥ ያለው የቧንቧ ምልክት ( | ) ወደ ዑደቱ ያሻግራቸዋል፣ «ሪድ» አንድ በአንድ ይቀበላቸዋል። በስሞቹ መካከል መለያው ምን ይሁን? መስመር ቢሆን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በፋይል ስም ውስጥ ሊገቡ የማይችሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም እዝባርና ዜሮ ዋጋ ያለው ባይት። እዝባሩ ማኅደሮችን ለመለየት ስለ ተያዘ የቀረን ዜሮው ነው። ስለዚህ ፋይንድን «ፕሪንት-ዜሮ»፣ ሪድንም በጭረት-ዲና በባዶ ጥቅስ እናዘዋለን፤ ጭረት-አርንም እንጨምራለን።

ብዙ ስክሪፕት የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው፤ የጥቅስ ምልክት መርሳት። «የዓድዋ ጦርነት ረቂቅ» የሚል ስም ያለውን ፋይል ተለዋዋጩን ያለ ድርብ ጥቅስ ለ«ሲፒ» የሰጠ ሰው ሦስት ፋይል እንዲቀዳ አዘዘ፤ «የዓድዋ»፣ «ጦርነት»፣ «ረቂቅ»። ሦስቱም የሉም። ሼል ቃላትን የሚቈርጠው በባዶ ቦታ፣ በታብና በአዲስ መስመር ነውና። የሚገርመው፣ እንደ አባቶች ወግ ስሙን «የዓድዋ፡ጦርነት፡ረቂቅ» ብሎ በሁለት ነጥብ ለይቶ የጻፈ ሰው ከዚህ አደጋ ያመልጣል፤ ለሼል ሁለት ነጥባችን ተራ ፊደል እንጂ ባዶ ቦታ አይደለም። ነገር ግን የግዕዙ ሁለት ነጥብ መሆኑ ይረጋገጥ። በላቲኑ ሁለት ነጥብ የተጻፈ ስም ወደ ዊንዶውስ ሊሻገር አይችልም። ለማንኛውም ተለዋዋጭ በተጠራ ቍጥር በድርብ ጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ ልዩ ሁኔታ እየፈለጉ መመራመር አያስፈልግም።

በዑደቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፋይል ሦስት ነገር ይደረጋል። ፋይሉ ያለበት ንዑስ ማኅደር በመድረሻውም እንዲፈጠር «ኤምኬዲር» ከጭረት-ፒ ጋር ይታዘዛል። ብዙ ሰው ይህን ትቶ ሁሉንም በአንድ ማኅደር ውስጥ ያፈስሳል። በአንድ ምሁር ዲስክ ላይ ግን «መግቢያ» የሚባል ፋይል አሥር ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ቦታ ሲከማቹ የኋለኛው የፊተኛውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይደመስሳል፤ በመጨረሻ የሚቀረው አንድ መግቢያ ብቻ ነው። ቀጥሎ በመድረሻው በዚያ ስም ፋይል መኖሩ ይጠየቃል፤ ካለ አይነካም፣ ስሙ በመዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ውሳኔው የሰው ነው። ከሌለ «ሲፒ» ከጭረት-ፒ ጋር ይቀዳዋል። ይህች ጭረት-ፒ የፋይሉን ቀን ትጠብቃለች። እርስዋ ከተዘነጋች ግልባጮቹ ሁሉ የተቀዱበትን ቀን ይለብሳሉ፤ ከሁለት ረቂቆች የትኛው እንደሚቀድም፣ አንድ ሐሳብ ከአንድ ፖለቲካዊ ክስተት በፊት ወይስ በኋላ እንደ ተጻፈ ይመሰክር የነበረው ማስረጃ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። የምሁራንን ደብዳቤዎች በቀን ቅደም ተከተል ለማንበብ የሞከረ ሁሉ የዚህን ዋጋ ያውቃል።

አንባቢ እንደሚያስተውለው በስክሪፕቱ ውስጥ የሚሰርዝ ወይም የሚያዛውር ትእዛዝ የለም። «ኤምቪ» የሚባለው ማዛወሪያ ቦታ ይቈጥባል ይባላል። ዲስክ ርካሽ በሆነበት ዘመን ለቅርስ ሥራ እርሱን መጠቀም አይገባም ባይ ነኝ።

ከመቅዳቱ በፊት ልምምድ ይደረግ። «ኤኮ» የሚለውን ቃል በኤምኬዲርና በሲፒ ፊት ብናስቀምጥ ሼሉ ትእዛዙን ሳይፈጽም ጽፎ ያሳየናል። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይበጃል፤ መጀመሪያ የማይገባው ገብቶ እንደ ሆነ ለማየት፣ ሁለተኛ፣ ይህኛው ይከብዳል፣ የሚገባው ቀርቶ እንደ ሆነ ለማየት። ለሁለተኛው ንባብ በደንብ የምናውቃቸውን ጥቂት ፋይሎች በልባችን ይዘን ስማቸውን መፈለግ ነው። ከጠፉ አብነቱ ይታረማል። ከዚያ ኤኮ ይወገዳል።

ከተቀዳ በኋላ እያንዳንዱን ግልባጭ ከምንጩ ጋር ባይት በባይት የሚያስተያየው «ሲኤምፒ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ልዩነት ከሌለ ዝም ብሎ ዜሮ ቁጥር ይመልሳል፤ በዩኒክስ ዓለም ዜሮ ማለት ደኅና ማለት ነው። ባረጀ ዲስክ ላይ አንዳንዱ ፋይል ሳይነበብ ሊቀር ስለሚችል ይህን ማመሳከር በዑደቱ ውስጥ ማስገባትና ውጤቱን በመዝገብ መጻፍ ያስፈልጋል። ወደ መዝገቡ ስንጽፍ በሁለት የቀስት ምልክት ( >> ) ይሁን፤ አንዱ ብቻ ከተጻፈ በየጊዜው የቀድሞውን መዝገብ ደምስሶ ይጀምራል።

አንድ ፋይል አልቀዳ ብሎ «ስሙ ረዥም ነው» የሚል መልእክት ከመጣ ምክንያቱ ይህ ነው። ሊኑክስ በሚጠቀምበት በተለመደው ኤክስት-4 አሠራር የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። የላቲን ሆሄ አንድ ባይት ስለሆነ ለእነርሱ 255 ሆሄ ነው። የእኛ ሦስት ባይት ነውና ለእኛ 85 ሆሄ ብቻ ይሆናል፤ ቅጥያውና ነጥቡም ከዚያው ይቀነሳሉ። ዊንዶውስ የሚቈጥረው በሌላ መለኪያ ስለሆነ እዚያ የተሰየመ ባለ 120 ሆሄ የግዕዝ ስም ሊኑክስ ላይ አይገባም። አርእስት ማስረዘም ለምንወድ ሰዎች ይህ ቀላል ገደብ አይደለም። ስሙን በምንጩ ዲስክ ላይ ከመለወጥ ይልቅ ግልባጩን ባጭር ስም አስቀምጦ ሙሉውን ስም በመዝገቡ ላይ መጻፍ የተሻለ ነው።

ሥራው በየጊዜው የሚደገም ከሆነ አንድሩ ትሪጄልና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት «አርሲንክ» የተባለው ፕሮግራም አለ፤ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ይቀዳል፣ የራሱ የልምምድ አማራጭም አለው። ከፋት ዲስኮች ጋር ሲሠራ፣ እነርሱ ጊዜን በሁለት ሴኮንድ እርምጃ ስለሚመዘግቡ፣ የአንድ ሴኮንድ ልዩነትን እንዳይቈጥር «ሞዲፋይ-ዊንዶው» በሚለው አማራጭ ይነገረዋል። ፋይንድ በዜሮ ባይት ለይቶ የሚያወጣውን ዝርዝርም እንዳለ መቀበል ይችላል። የምርጫው ክፍል ግን ያው ከላይ የጻፍነው ነው።

ስክሪፕቱ ራሱ ከመዝገቡ ጋር በመድረሻው ማኅደር የመጀመሪያ እርከን ላይ ይቀመጥ። በስክሪፕት ውስጥ በ# ምልክት የሚጀምር መስመር ለሼሉ ምንም ስላልሆነ ለሰው ማስታወሻ ይሆናል፤ በአማርኛም ሊጻፍ ይችላል። እዚያ ላይ ምንጩ የትኛው ዲስክ እንደ ነበር፣ የትኛው ፎንት የትኞቹን ፋይሎች እንደሚያነብብ፣ በየትኛው አቈጣጠር ቀን እንደ ተሰጠ፣ በምን ምክንያት የትኞቹ ማኅደሮች እንደ ታለፉ በጥቂት መስመር ይስፈር። አማርኛ ለማያነቡ ወራሾች ያንኑ በሚኖሩበት አገር ቋንቋ መድገም ነው፤ ስክሪፕቱ እንዲሠራ የፈቃድ ምልክቱን በ«ሲኤችሞድ» መስጠትም አይረሳ።